ጎባ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ያሳለፍኩት ጠዋት

ይህ ያጋጠመኝ አምና ነሐሴ ውስጥ ነው። ሰዎች ሥራዬን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ባሌ ሮቤ ተቀምጠሽ እንዴት ይሆንልሻል? የት ሆነሽ ነው የምትሠሪው?» ብለው ነው። ይህን በተጠየቅኩ ቁጥር ያ ጠዋት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ቀጥሮኝ በኢንተርኔት ሐኪምና ታካሚ አገናኛለሁ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ የተናገረውን ለታካሚው በኦሮምኛ እነግራለሁ፤ የታካሚውንም መልሼ ለሐኪሙ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን ብቻዋን መተው ስላልሆነልኝ ጠቅልዬ ሮቤ ገባሁ። ድርጅቱም «ካለሽበት ሥሪ» አለኝ። የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ መስመሩ እንዳይቆረጥ፣ የታካሚው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ሰው ጆሮ እንዳይገባ።

ያስቸገረችኝ ሁለተኛዋ ናት።

ቤታችን ጭር ያለ ነው፤ ግን ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። የባሌ ዝናብ ሲወርድበት እንኳን የታካሚ ድምፅ የራሴም አይሰማኝም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለው ካፌ ሶኬት ሞልቶታል፤ ለጽሑፍ ሥራ ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ግን ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ የሰው ሕመም እዚያ አይወራም። ገበያው አጠገብ ያለው ሆቴል በረንዳ ጠዋት ጠዋት ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወይ ስብሰባ ወይ ሠርግ አይጠፋም። ስለዚህ ከባድ ጉዳይ ሲኖረኝ ከሮቤ ብዙም ወደማትርቀው ጎባ እሄድ ነበር። ጎባ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል እንጂ ከተማው የተረጋጋ ነው። እዚያ አንድ ሆቴል ጓሮው ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዷን ለሰዓታት ያከራየኛል።

በዚያ ሰሞን አንዲት እናት ነበረችኝ። ከቆላው በኩል የመጣች ናት ከማለት በቀር ስለ ማንነቷ አልናገርም። ትንሽ ልጇን የልብ ሕመም ይዞት አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት ለጥቂት ሳምንታት ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ነበሩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ኦሮምኛ የሚችሉ ነርሶች አልጠፉም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀዶ ሕክምናውን ለምትሠራው ሐኪም ያስተረጎምኩላት እኔ ስለሆንኩ ድምፄን ለምዳዋለች። የምንነጋገረው በድምፅ ብቻ ነው፤ ፊቴን አይታው አታውቅም። «እህቴ» ነበር የምትለኝ።

ያን ዕለት አራት ሰዓት ላይ ሐኪሟ የቀዶ ሕክምናውን ነገር አስረድታ ፊርማ ልትቀበላት ቀጠሮ ይዘናል። ሐኪሞቹ ሊመለሱ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነው። ተራው ካለፈ የሚቀጥለው መቼ እንደሚሆን ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

ሮቤ መብራት ከጠፋ አንድ ቀን አልፎታል። ኔትዎርኩም ተከትሎት ሄዷል። ኮምፒውተሬ ባትሪው ሊያልቅ ስለደረሰ በማለዳ ሚኒባስ ይዤ ጎባ ወጣሁ።

ሆቴሉ ስደርስ ግቢው በመኪና ተሞልቷል። እንግዳ ተቀባይዋ ገና ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። «ይቅርታ እህት፣ ሥልጠና መጥቶብን ክፍሎቹን በሙሉ ወሰዱ። ልደውልልሽ ብል ስልክሽ እንቢ አለኝ» አለች። ልቆጣት አልቻልኩም። እውነቷን ነው።

ወጣሁ። አንድ ካፌ ብገባ ቴሌቪዥን ይጮኻል። ሌላው መብራት የለውም። መንገድ ላይ ሳለሁ ዝናቡ አወረደው። ኮምፒውተሬን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ አንድ ፎቶ ቤት ደጃፍ ተጠለልኩ። ሰዓቴን ሳይ ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው። እንባዬ መጣ።

«ግቢ እንጂ ልጄ! ደጃፍ ቆመሽ ይሄንን ዝናብ አትችይውም» አለኝ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

ነጭ ኮፊያ ያደረጉ፣ ኮት በኮት ላይ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ቀን በፊት አይቻቸው አላውቅም። ጀማል እንደሚባሉ የነገሩኝ በኋላ ነው። ገብቼ ችግሬን መናገር ስጀምር እጃቸውን ወደ ጆሮአቸው ወሰዱ። የመስሚያ መሣሪያ አድርገዋል።

«ጮክ በይ። ይቺ መሣሪያ ዝናብ ሲዘንብ የምታሰማኝ ዝናቡን ብቻ ነው» አሉ።

እየጮህኩ ነገርኳቸው። የሥራ ስልክ አለብኝ፣ ስለ ሰው ሕመም ነው፣ ሌላ ሰው መስማት የለበትም፣ ባትሪዬም ሊያልቅ ነው አልኳቸው። ስጨርስ የራሴን ጩኸት ሰምቼ አፈርኩ። ሁለት ሰዎች የመታወቂያ ፎቶ ሊነሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

ጋሽ ጀማል ትንሽ አሰቡና ወደ ሁለቱ ዞረው በኦሮምኛ «ከሰዓት ብትመጡ ምን ይመስላችኋል?» አሏቸው። ሰዎቹም ቅር ሳይላቸው ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጠው ፎቶ የሚያነሱበትን ክፍል አሳዩኝ። መስኮት የለውም። ኮርኒሱም ግድግዳውም ምንጣፍ ተለጥፎበታል፤ ዝናቡ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። አንደኛው ግድግዳ ላይ ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት ሸራ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚሠሩበት ባትሪ አለ። የፎቶ ማተሚያውን ነቅለው የእኔን ሰኩልኝ። ስልኬን ሳይ ኔትዎርኩ ሞልቷል።

ከዚያ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። መስሚያውን ከጆሮአቸው አውጥተው ካሳዩኝ በኋላ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አሁን መድፍ ቢተኮስም አልሰማ። ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። መጋረጃውን ዘጉና የሱቁ በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።

ልክ አራት ሰዓት ላይ ተገናኘን። ሐኪሟ ሁሉንም በዝርዝር አስረዳች፤ ደረቱ እንደሚከፈት፣ ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሊከሰት የሚችለውን አደጋም ሳትደብቅ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። እናትየዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ሁሉም ገብቶኛል፣ እህቴ» አለች በመጨረሻ። «ግን አልፈርምም።»

ሐኪሟ ምክንያቱን ጠየቀች።

«ትናንትም ዛሬም ለአባቴ ስደውል ነበር። አገሩ ሁሉ ስልክ የለም። ልጄን እንዲህ ላለ ነገር ስሰጥ አንድ ሽማግሌ እንኳ ሳይመርቀኝ እንዴት አድርጌ? ባሌ የለ፣ አባቴ የለ። ብቻዬን እኮ ነኝ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «አላስገድዳትም። ግን እስከ ስድስት ሰዓት መልስ ካላገኘሁ ተራውን ለሌላ ልጅ መስጠት ግዴታዬ ነው» አለች። ይህንንም ተረጎምኩ። ከወዲያ በኩል ስታለቅስ ይሰማኛል።

አስተርጓሚ ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም። ሕጋችን ነው፤ እኔም ጥሼው አላውቅም። ነገር ግን መጋረጃው በደንብ ስላልተገጠመ የጋሽ ጀማል ጀርባ ይታየኛል። ጎንበስ ብለው ዝናቡን ያያሉ።

ሐኪሟን ከራሴ አንድ ነገር ለመናገር ፈቃድ ጠየቅኳት። ሐሳቤን ስነግራት «እናቲቱ ከፈለገች እኔ አልቃወምም» አለችኝ።

«እኔ ያለሁበት ቤት አንድ ሽማግሌ አሉ» አልኳት እናትየዋን። «የባሌ ሰው ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው። ስምሽንም ጉዳይሽንም አያውቁም፤ አልሰሙምም። ከፈለግሽ ልጥራቸው። ካልፈለግሽ እንዳልነገርኩሽ ቁጠሪው።»

ለቅሶዋን አቆመች። «ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል?» አለችኝ።

«ሰባ ያለፋቸው ይመስለኛል።»

«አባቴን ያክላሉ። ጥሪልኝ።»

ወጥቼ ትከሻቸውን ስነካቸው ደነገጡ። መስሚያውን ሲያደርጉ ጠበቅኩና «አንዲት እናት ልጇ ሊታከም ነው። አባቷን በስልክ አጥታዋለች። ዱዓ የሚያደርግላት ሽማግሌ ትፈልጋለች» አልኳቸው።

ማን ናት፣ የት ናት አላሉም። «ቆይ» ብለው በር ላይ ካለው ጀሪካን ውኃ ቀዱና ተጣጠቡ። የላይኛውን ኮት አወለቁ። ኮፊያቸውን አስተካክለው ደንበኞቻቸው ፎቶ የሚነሱባት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የጆሮ ማዳመጫዬን ነቅዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩላቸው።

ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ሕመሙ አልነበረም።

«ልጄ፣ ቁርስ በልተሻል?» አሏት በኦሮምኛ።

ከወዲያ በኩል ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ መጣ። «አልበላሁም፣ አባባ» አለች።

«ትበያለሽ። እናት ካልበላች ታማሚ አይጠነክርም። አሁን ስሚኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም፤ እሱ የአንቺ ነው። ግን ብቻዬን ነኝ አትበይ። ስልክ ባይሠራም አባትሽ አባትሽ ነው፤ ይኼኔ አንቺን እያሰበ ነው። እኔ ደግሞ እሱ እስኪገኝ በእሱ ቦታ አለሁ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ረጅም ነበር፤ ኦሮምኛና ዓረብኛ የተቀላቀለበት። በመሀል በመሀል «ረቢ ሲፍ ሃ ፈይሱ» ይላሉ፤ ፈጣሪ ይፈውስልሽ ማለት ነው። እሷ በየመሀሉ «አሚን» ትላለች። እኔ ያደግኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አሜን» እያልኩ እንደነበር የነቃሁት ሲጨርሱ ነው። ቋንቋው የማይገባት ሐኪም እንኳ እስኪያልቅ ጠበቀች።

ሲጨርሱ ተነሡ። ፊት ለፊቴ መስሚያውን እንደገና አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና ወደ በራቸው ተመለሱ።

ሐኪሟ ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገመችላት፤ አደጋውንም ጭምር። እኔም ደግሜ ተረጎምኩ። እናትየዋ አልቸኮለችም። ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፤ መልሱን ሰማች። ከዚያ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«ፈረምኩ፣ እህቴ» አለች።

ቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ተደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ ዓይኑን ገልጦ ውኃ እንደጠየቀ ነገሩኝ። ለአለቃዬ የሆነውን አንድም ሳልደብቅ ጻፍኩላት። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምሽ መጀመሪያ ለእኔ ደውዪ» ብላ ገሠጸችኝ፤ ገሥጻኝም ስታበቃ የሽማግሌውን ጤንነት ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከባድ ጉዳይ ሲኖረኝ ወደ ሆቴሉ አልሄድም። ጋሽ ጀማል ገና ሲያዩኝ ማተሚያቸውን ይነቅላሉ፣ መስሚያቸውንም ያወልቃሉ። የገረመኝ ግን ስለ ልጁ አንድም ቀን አለመጠየቃቸው ነው። ወር ሊሞላ ሲል አላስችል አለኝና «ያ ልጅ እንዴት ሆነ አይሉኝም?» አልኳቸው።

«እንዴት ብዬ እጠይቅሻለሁ? የሰው ምስጢር አይደል?» አሉ። «በየሶላቴ ግን አነሣዋለሁ። ስሙን ስለማላውቀው ‹ያ ልጅ› እላለሁ። አላህ የቱ እንደሆነ ያውቀዋል።»

ልነግራቸው እየፈለግኩ መንገር አልችልም።

በሳምንቱ ልጁ የክትትል ቀጠሮ ነበረው። ምርመራው ሲያልቅ በዕለቱ ሐኪም ፈቃድ እናትየዋን ጠየቅኳት፤ «ለእኚያ ሽማግሌ የልጅሽን ስምና ጤናውን ልንገራቸው ወይ?»

«እስከ ዛሬ አልነገርሻቸውም?» ብላ ተቆጣችኝ። «ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ!»

በማግስቱ ጎባ ስደርስ ሱቁ ሰው ሞልቶታል። እዚያ መሀል መጮህ አልቻልኩም። ከጠረጴዛው ላይ ቁራጭ የፎቶ ወረቀት አነሣሁና ጀርባው ላይ የልጁን ስም ጻፍኩ፤ ከሥሩም «ድኗል፤ አሁን ይሮጣል» አልኩበት። ጋሽ ጀማል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከንፈራቸው ስሙን ሲጠራ አየሁ። ወረቀቱን አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡና ለሚጠብቃቸው ደንበኛ «ቀና በል፣ ላነሣህ ነው» አሉት።

አሁን የት ይሻላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ካፌውንም በረንዳውንም እነግረዋለሁ፤ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። ያንን ጠዋት ሳስብ ግን እስከ ዛሬ ደረቴ ይሞቃል። ከባሕር ማዶ ከመጡ ሐኪሞች ጋር ሳይቀር የሚያገናኝ ሥራ ይዤ፣ የሰው ምስጢር መጠበቅን የተማርኩት ጎባ ውስጥ ጆሮአቸው ከማይሰማ ሽማግሌ ነው።

የልጁን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። እናቱ የፈቀደችልኝ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።