በደረቅ ኩሬ የተማርኩት ዓሣ ማጥመድ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ወደ ኢትዮጵያ ከመሻገሩ በፊት የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ ሊያሰፋ ማንያታ ሰፈር ወዳለችው ሱቄ ገባ። በእጁ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ይዟል። በሩ ላይ የቆሙት የሞተር ነጂዎች በውስጡ ስላለው ነገር መከራከር ጀመሩ። አንዱ የመሬት መለኪያ ነው አለ፣ ሌላው የድንኳን ምሰሶ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ቀና ሳልል፣ «የዓሣ ዘንግ ነው፤ በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጠመድበት» አልኳቸው።

ወጣቱ ገርሞት፣ «እንዴት አወቁት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሞያሌ ውስጥ ውኃ በጄሪካን እንጂ በወንዝ አይታይም። አውቶቡሱ ሊነሳበት ስለነበር ረጅሙን መልስ አልነገርኩትም። ረጅሙ መልስ ይኸውላችሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከከብት መኪና ወድቄ ግራ እግሬ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ሲገጥም አጥሮ ገጠመና ከዚያ ወዲህ አነክሳለሁ። አባቴ ከነገሌ በስደት መጥቶ እዚሁ የቀረ መካኒክ ነው። የወደቅኩ ቀን አቅፎ ያነሳኝ እሱ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያቀፈኝ ይመስለው ነበር። ገበያ ልሂድ ስል «እግርሽ»፣ ሠርግ ልሂድ ስል «እግርሽ»። ስፌት የተማርኩትም ወድጄው ሳይሆን ተቀምጠው የሚሠሩት ስለሆነ ነው። መውደዱ በኋላ መጣ።

አንድ ቀን ሙዋሊሙ ካዊራ (ሙዋሊሙ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው) የምትባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት የተቀደደ የጀርባ ቦርሳ ይዛ እሰፋበት ወደነበረው ሱቅ መጣች። በኬንያ ተራራ ግርጌ ካለችው ቾጎሪያ ተመድባ የመጣች፣ ስትራመድ ከኋላዋ ሰው የሚያባርራት የምትመስል ሴት ነበረች።

«ይሄ ቦርሳ ወዴት ሊሄድ ነው?» አልኳት በስዋሂሊ።

«ተራራ። ዓሣ ላጠምድ።»

ሳቅኩ። «ዓሣ ተራራ ላይ ምን ይሠራል?»

አልተቀየመችም። ትራውት የሚባለው ነጠብጣብ ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ካላገኘ እንደማይኖር፣ አባቷ በወጣትነቱ የውጭ አገር አጥማጆችን ሻንጣ እየተሸከመ ወደ ላይ ይወጣ እንደነበር፣ ሲሞት ዘንጉን ለእሷ እንደተወላት ነገረችኝ። ከዚያ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ከፈተች። በውስጧ ከላባና ከክር የታሰሩ ጥቃቅን ዝንቦች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ተፈትተዋል። አንዱን አንስቼ ሳየው ልቤ ደስ አለው። ይሄማ ስፌት ነው! በማግስቱ ከግራጫ ክርና ከጅግራ ላባ አንድ አስሬ ሰጠኋት። መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው።

«ይህን ያሰረ ሰው ውኃ ላይ ሲያርፍ ማየት አለበት» አለች።

ዕቅዳችን በዚህች ቃል ተጀመረ። ጉዞው ለታኅሣሥ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሆነ። ሦስት ወር ቀርቶናል። እኔም የሂሳብ ደብተር ገዛሁና ሁሉንም ነገር ጻፍኩ። ለአራት ቀን ምን እንበላለን? በሶ፣ ምክንያቱም እሳት አይፈልግም፤ ቋንጣ፤ ቴምር፤ ሻይና ስኳር። እያንዳንዱን ዕቃ፣ ልብሳችንን ጨምሮ፣ በኩንታል ቋጥረን የምንሄድ ይመስል ሥጋ ሻጩ ዘንድ ሄደን ሚዛኑ ላይ አወጣነው። ሥጋ ሻጩ ካልሲ ሲመዝን ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከጭነት መኪና ሸራ የሰፋሁት የመጀመሪያ ቦርሳ ባዶውን ድንጋይ ሆነብን። አንድ ሌሊት ተናድጄ፣ በነጋታው ፈትቼ ከናይሎን የዝናብ ልብስ እንደ አዲስ ሰፋሁት። ጫማ ሰፊው ደግሞ ለግራ ጫማዬ ሁለት ድርብ የጎማ ሶል ለጠፈበት። አድርጌው ስቆም ትከሻዎቼ እኩል ሆኑ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

ውርወራ የተማርኩት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ደረቅ ኩሬ ውስጥ ነው። ጭቃው ተሰነጣጥቆ የሸክላ ስብርባሪ መስሏል፣ ነፋሱ አቧራ ያነሳል። ሙዋሊሙ ከኋላዬ ቆማ፣ «ዘንጉን እንደ ሰዓት ጠቋሚ ቁጠሪው። በአናትሽ ላይ ከአሥር ቁጥር እስከ ሁለት ቁጥር፣ ከዚያ አይለፍ!» ትላለች። ክሩ መጀመሪያ አንገቴ ላይ፣ ቀጥሎ ግራር ላይ፣ አንዴም የፍየል ቀንድ ላይ ተጠመጠመ። ግመሎቻቸውን ወደ ጎልቦ ቆላ የሚነዱ ሰዎች ቆመው ያዩናል።

«ምን እያጠመዳችሁ ነው?»

«ዓሣ።»

አንዱ ሽማግሌ ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር አይተው፣ «አላህ ይርዳችሁ» ብለው ሄዱ። በከተማው ሁሉ ስሜ «ዓሣ አጥማጇ» ሆነ።

ወሬው አባቴ ዘንድ የደረሰውም በዚያው ስም ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጁን ከግራሶ ሳይታጠብ ወደምሰፋበት ሱቅ መጣ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባባ።»

«ጤነኛው ሰው በሚያለከልክበት ተራራ አንቺ በዚህ እግርሽ?»

«በዚህ እግሬ። ሌላ የለኝም።»

ሊቆጣ ነው ስል፣ «እንግዲያው ጭነትሽን ሙሉውን ተሸክመሽ ቦሪ መንደር ደርሰሽ ትመለሻለሽ። በአንድ ቀን፤ መኪና ሳትሳፈሪ፤ ማንም ሳይረዳሽ። ካልቻልሽ ነገሩ እዚያው ያልቃል» አለ። እንደማልችል እርግጠኛ ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ሙዋሊሙ ልከተልሽ ብትለኝም እምቢ አልኳት። ገና ሲነጋጋ ቦርሳዬን አንግቤ ወጣሁ። ሐጋያ የምንለው አጭሩ ዝናብ ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል፤ ቀዩ አፈር ጫማዬ ላይ እየተለጠፈ ይከብዳል፣ ቁጥቋጦው ግን አዲስ ቅጠል አውጥቶ ሽታው ይጣፍጣል። ሃምሳ ደቂቃ እሄዳለሁ፣ አሥር ደቂቃ አርፋለሁ፤ በደብተሬ የጻፍኩት እንደዚያ ነው። መኪኖች እየቆሙ «ነይ ተሳፈሪ» ይሉኛል። ቦሪ ስደርስ ዳሌዬ እሳት ሆኗል። ከአንዲት ሴት ወተት ገዝቼ ጠጣሁና ፊቴን አዞርኩ።

በመመለሻዬ ላይ ነው ያየሁት። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ከአንድ ግራር ሥር ሰው ተቀምጧል፤ ስቀርብ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። የአባቴ ባርኔጣ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በእግሩ ሲከተለኝ ውሏል! ጫማው በቀይ ጭቃ ተለውሷል። እንደተያዘ ሲያውቅ ተነስቶ መጣና እጁን ወደ ማንገቻዬ ዘረጋ።

«በቃ፣ አሳይተሽኛል። አምጪው ልያዝልሽ።»

«ማንም ሳይረዳሽ ብለሃል አባባ።»

እጁን መለሰ። የቀረውን መንገድ ጎን ለጎን ሄድን። ማረፍ የሚፈልገው እሱ ነበር፤ እኔ ግን ሰዓቴን እያየሁ፣ «ገና አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል» እለው ነበር። ማንያታ ስንገባ ጎረቤቶች በር በራቸው ላይ ቆመዋል። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቦሪ ደርሳ መምጣቷ ነው!» አላቸው፤ ራሱ የላከኝ ይመስል።

መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም። በከብት መኪና ጣሪያ ላይ ሁለት ቀን ተንገጫግጨን ኢሲዮሎ ደረስን፣ ከዚያ በማታቱ፣ በኬንያ ሚኒባስ፣ ቾጎሪያ። የሙዋሊሙ ወንድም መንገድ መሪያችን ሆነ። ጫካውን፣ ቀርከሃውን አልፈን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የጅብራ ተክል የቆመበት ሜዳ ላይ ስንደርስ፣ እንደ ልማዷ ስትሮጥ የወጣችው ሙዋሊሙ ራሷን ይዛ ተቀመጠች፤ ከፍታው አናቷን በጠበጠው። ወንድሟ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ብለሽ እንደሷ ብትሄጂ ኖሮ» አላት። እኔም በሶ በጥብጬ አጠጣኋት።

የመጀመሪያው ቀን አንድም ዓሣ አልነካንም። በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይዋ በጓሳው ላይ ያለውን በረዶ ስታቀልጠው፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ድንጋይ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ውኃው ሻይ ይመስላል። የጅግራ ላባዋን ዝንብ አሰርኩ። አሥር፣ ሁለት፣ ለቀቅኳት። ውኃው ላይ እንደ እውነተኛ ዝንብ አረፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ውኃው ተከፈተና ዘንጉ እጄ ላይ ጎበጠ። እንዴት እንደጮህኩ እየደገመች ሙዋሊሙ እስካሁን በስልክ ታስቀኛለች። ዓሣው ወደ ታች ሲሮጥ እኔም እያነከስኩ፣ እየተንሸራተትኩ፣ እስከ ጉልበቴ በረዶ ውኃ ውስጥ ገብቼ ተከተልኩት። ሳወጣው ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር አለው፤ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ እንኳ አይሞላም። በሕይወቴ ግን ያን ያህል ትልቅ ነገር ይዤ አላውቅም።

ቾጎሪያ እንደወረድን ወደ ጎረቤታችን ደወልኩ፤ አባቴን ጠሩልኝ።

«አባባ፣ ያዝኩ!»

«እሱን ተይው። ወጣሽ?»

«ወጣሁ።»

«በእግርሽ?»

«በእግሬ።»

ከዚያ በኋላ «እግርሽ» የሚለውን ቃል ከአፉ አልሰማሁም፤ በራሴ ስም ሱቅ ስከፍትም፣ ጨርቅ ልገዛ ናይሮቢ ብቻዬን ስመላለስም።

አሁን አባቴ ሰማንያ ደፍኗል። ከቀትር በኋላ ጋራዡ አጠገብ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጣል። ወጣቱ በሄደ በማግስቱ መድኃኒቱን ላደርስለት ብሄድ፣ ተራራውን አንድም ቀን ያላየው ሰው ስለ ተራራው ሲያወራ ደረስኩ። ዓሣው ክንድ ተኩል ሆኗል። ስለ እኔ ደግሞ፣ «እንደ ሚዳቋ እየዘለለች ወጣች!» ይላል።

ስለ ዓሣው ዝም ባልኩ ነበር። በሁለተኛው ግን አላስቻለኝም። ሰው የሠራውን ነገር ቀንሰው ሲነግሩበት ያዝናል፤ አሳምረው ሲነግሩበትም የሆነ ነገር ይጎድልበታል። ሚዳቋ ተራራ ብትወጣ ማን ይገረማል?

«አባባ፣ እያነከስኩ ነው የወጣሁት» አልኩት።

«እሱን ልተወው ብዬ ነው እንጂ።»

«አትተወው። ወሬው እሱ ነው።»

መድኃኒቱን ተቀብሎ ዋጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና ከመጀመሪያው ጀመረላቸው።

«ይቺ የምታነክሰው ልጄ» አለ።