አርብ የተጀመረው የሙቀት ትምህርት

ቅቤ ሲቀልጥ ሽታው ከመልኩ ይቀድማል። ባለፈው ሳምንት መስኮት ሥር የረሳሁትን ቅቤ ፀሐይ አግኝቶት ኖሮ፣ ገና ከበር ስገባ ያ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል ሽታ ተቀበለኝ። ሳህኑን ሳነሳው ጠርዙ ሞቋል። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጎ ይጥለው ነበር። እኔ ግን ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ነቀምቴ ስድስተኛ ክፍል እማር ነበር። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ጉቶ ጊዳ ውስጥ ነው፤ በእግር ሁለት ሰዓት አይሞላም። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ በቤቱ የሚሰማው የአጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ቃል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ሴት ልጅ ስሟን መጻፍ ከቻለች ይበቃታል ባይ ነው፤ በዚያ ላይ ከጊዳ አያና በኩል ለልጁ ሊያጨኝ የፈለገ ወዳጁ ደጋግሞ ሰው ይልክበት ነበር። በዚያ ዓመት ለእናቴ ቁርጡን ነገራት። "ይህ ትምህርት ለዚህ ቤት የሚጠቅም አንድ ነገር ሲያመጣ ልይ። ካላየሁ ከፋሲካ በኋላ እድራታለሁ።"

እናቴ ቅቤ ትሸጥ ነበር። የራሷን ላሞችና የጎረቤቶቿን ቅቤ ሰብስባ ቅዳሜ ቅዳሜ ነቀምቴ ገበያ ታወጣለች። አሠራሯን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቅቤውን በኮባ ቅጠል ትጠቀልላለች፣ ቅል ውስጥ ትከታለች፣ ቅሉን ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለች። መንገድ ላይ ምንጭ ባገኘች ቁጥር ጨርቁን መልሳ ታረጥባለች። ገበያ ስትደርስ ቅቤዋ ጣት የማይሰምጥበት ጠጣር ነበር፤ ደንበኞቿም ሌላ ሴት ጋ አይሄዱም።

እኔ እንግዲህ ያወቅሁትን በሆዴ ይዤ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። አሁንም አልተሻለኝም።

የካቲት ውስጥ አንድ አርብ፣ ከሸዋ የመጣው የሳይንስ አስተማሪያችን ውሃ የተሞሉ ሁለት ጣሳዎች ይዞ ገባ። አንዱን በጥላሸት አጥቁሮታል፤ ሌላውን እስኪያብረቀርቅ ወልውሎታል። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጥናቸውና በየተራ እየሄድን ቴርሞሜትሩን አነበብን። ቀጭኗ የብር መስመር በጥቁሩ ጣሳ ውስጥ ሽቅብ ስትወጣ፣ በሚያብረቀርቀው ውስጥ ግን ስትንቀራፈፍ በዓይኔ አየሁ። "የሚያብረቀርቅ ነገር የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል፤ ጥቁር ነገር ይቀበላል" አለን። ሙቀት የሚተላለፍባቸው ሌሎች ሁለት መንገዶች እንዳሉ መናገር ሲጀምር ደወሉ ተደወለ። "ቀሪውን ሰኞ" ብሎ ጣሳዎቹን ደፋ።

ሰኞን ማን ይጠብቃል? ነገሩን እዚያው በራሴ ጨረስኩት። ልብስ ያሞቃል፤ ሲበርደን ቡሉኮ የምንደርበው ለዚህ አይደል? ታዲያ እናቴ ይህን ሁሉ ዓመት ቅቤውን በቅጠልና በጨርቅ ደራርባ እያለበሰች ስታሞቀው ኖራለች ማለት ነው። አዘንኩላት። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ጉራጌ ባለሱቅ ክዳን ያለው ትልቅ የብስኩት ጣሳ ለመንኩ፤ ቤት እንደገባሁም ፊቴን እስኪያሳየኝ በአመድ ፈተግሁት።

አጎቴ በራፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከፊቱ ቆሜ ሁሉንም አስረዳሁ፤ የጥቁሩን ጣሳ፣ የሚያብረቀርቀውን፣ የልብሱን ነገር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሬ፣ "አዮ፣ ነገ ቅቤው በዚህ ጣሳ ይሂድ። ጨርቁም ቅጠሉም ይቅር" አልኳት። አዮ ማለት በእኛ አገር ኦሮምኛ እማዬ እንደማለት ነው። እናቴ ጣሳውን ተቀብላ አገላበጠችው። አጎቴን አየችው፤ እኔን አየችኝ። "ቶሌ" አለች፤ እሺ ማለቷ ነው።

በማግስቱ ስንነሳ ገና ቀዝቃዛ ስለነበር ጉዞው አማረልኝ። ጣሳው በነጠላ ታስሮ እናቴ ጀርባ ላይ ያበራል፤ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ እኮራበታለሁ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል የመንገዱ ቀይ አቧራ ብርሃኑን ሸፈነው። ምንጩ ጋ ስንደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ቆመች፤ የምታረጥበው ጨርቅ ግን የለም። ውሃ ጠጥታ መንገዷን ቀጠለች። ጥቂት እንደሄድን ከጣሳው ውስጥ መንቦጫረቅ ሰማሁ። ደህና ቅቤ አይንቦጫረቅም። እጄን ባሳርፍበት ጣሳው ፈጀኝ። "አዮ" አልኳት። "ሂጂ" አለችኝ፣ ዞር ሳትል።

ገበያው ውስጥ ክዳኑን ስትከፍት ጣሳው ሙሉ ቢጫ ዘይት ነበር። አጠገቧ ከሚቀመጡት ቅቤ ሻጮች አንዷ "ዛሬ ደግሞ የኑግ ዘይት ይዘሽ መጣሽ?" ስትል ሁሉም ሳቁ። ደንበኞቿ እየመጡ፣ ጎንበስ ብለው እያዩ፣ ወደ ሌላዋ አለፉ። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። እናቴ ግን አልተቆጣችኝም፤ ጭራሽ አላየችኝም። ከቀትር በኋላ የምግብ ቤት ባለቤት የሆነች ሴት "ለማንጠር ይሆነኛል" ብላ በርካሽ ወሰደችው።

ቤት ስንገባ አጎቴ እዚያው በራፉ ላይ ነው። "ገበያው እንዴት ነበር?" አለ። ከእናቴ ኋላ ተሸሸግሁ። እናቴ ባዶውን ጣሳ ፊቱ አስቀመጠችና፣ "ከሌላው ቀን ቀድሜ ጨረስኩ። ልጅቷ ያለችው ሆነ" አለችው።

እናቴ ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አጎቴ ጣሳውን አንስቶ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። "እንግዲህ ዓመቱን ትጨርስ" አለ። ዓመቱን ጨረስኩ፤ ሌላ ዓመት መጣ፤ የጊዳ አያናው ሰውዬም ለልጁ ሌላ ሙሽራ አገኘለት።

ሰኞ አስተማሪው ቀሪውን ነገረን። ብረት ሙቀትን ቶሎ ያሳልፋል፤ ቅልና ቅጠል ያዘገዩታል። ልብስ ከራሱ የሚያወጣው ሙቀት የለውም፤ የውስጡ እንዳይወጣ፣ የውጭውም እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ። ከእርጥብ ጨርቅ ላይ ውሃ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ጣሳው ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ከእናቴ ጀርባም ሙቀት ሲወስድ እንደዋለ ያኔ ገባኝ። ሮጬ ቤት ገብቼ ለእሷ ብቻ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ "እንዲህ ነው እንዴ?" ብላም ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ቅሉና ጨርቁ ተመለሱ። ለአጎቴ ጣሳው ለሽሮ ያስፈልገኛል አለችው።

እኔም ፊዚክስ አስተማሪ ሆንኩ፤ ሲሬም ነቀምቴም አስተማርኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ፤ ይህን ስል አላፍርም። የሙቀትን ትምህርት ግን አርብ ቀን ጀምሬ አላውቅም።

እናቴ የመጨረሻ ዓመቷን እኔ ጋ ነበር ያሳለፈችው። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ነገሩ ትዝ አለኝና እየሳቅሁ፣ "አዮ፣ ያኔ ሰኞን ብጠብቅ ኖሮ ቅቤሽ አይቀልጥም ነበር" አልኳት።

እሷ አልሳቀችም። "እንደሚቀልጥማ ከቤት ሳንወጣ አውቅ ነበር። ስንት ዓመት የሸጥኩትን ቅቤ?"

"ታዲያ ለምን ይዘሽው ሄድሽ?"

"አጎትሽ ተቀምጦ ይሰማ ነበራ፣ ኢንተለ ኮ" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። "ተሳስታለች ብዬ ብናገር ትምህርትሽ ያን ማታ ያበቃ ነበር። ቅቤ እንደሆነ በሳምንቱ ሌላ ይናጣል።"

እጇን ይዤ ፀሐይዋ ከበረንዳው እስክትዞር አብሬያት ተቀመጥኩ። ያ ክረምት ሳይወጣ አረፈች።