ቆዳ ሳይነካ የሚቆም ቡጢ

ፖሊሶች የያዙኝ፣ ስብሰባ ላይ ስለ ማዳበሪያ ቅሬታ በተናገርኩ በሦስተኛው ቀን፣ ከበጎቼ በረት ደጃፍ ነው። አሰላ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ የሽንት ባልዲ፣ እርጥብ ሲሚንቶ። የለበስኩትን ጋቢ ፖሊሶቹ አልወሰዱብኝም። ደረቴን ያመኛል፤ እሱን ካጣሁ በዚያ ብርድ እንደማልዘልቅ አውቀዋለሁ።

የክፍሉ ካቦ፣ ሌሎቹን የሚያዝ ግዙፍ እስረኛ፣ ገና ሳልቀመጥ እጁን ዘረጋ።

«ጋቢውን አምጣ፣ ሽማግሌ። እዚህ አዲስ ገቢ ጋቢ አይለብስም።»

ከጥጉ አንድ ቀጭን ሰው ተነሣ። ከተማ ውስጥ ካራቴ ስለሚያስተምር «ማስተር» ይሉታል።

«ተዋቸው፤ አባት ናቸው» አለው።

«ባልተውስ?»

ማስተር ቡጢ ሰነዘረ። እንደዚያ የፈጠነ እጅ አይቼ አላውቅም። ግን የካቦው አፍንጫ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ደገመው፤ አሁንም ጥፍር ያህል ሲቀረው ቆመ።

«ዝንብ ነው እንዴ የምታባርርልኝ?» አለ ካቦው። ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ካቦው አንድ ጊዜ ብቻ መታው። ማስተር ግድግዳውን ተደግፎ ደምና አንድ ጥርስ ተፋ።

«እጄ እምቢ አለኝ፣ አባባ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ተማሪዎቼን እንዳልጎዳ አሥራ ሁለት ዓመት እያቆምኩት ኖሬ...»

እንደገና ሊነሣ ሲል ትከሻውን ያዝኩት። ይገድለዋል ብዬ ፈራሁ። ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ለአራት አጠፍኩት፣ ለእንግዳ እንደሚሰጥ አድርጌ በሁለት እጄ ለካቦው ዘረጋሁለት።

«እንካ ልጄ፣ ልበሰው።»

ካቦው ሳያስበው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከሽማግሌ ሲቀበል እንዲያ እንዲያደርግ አድርጎ ያሳደገው ሰው አለ ማለት ነው። የገዛ እጆቹን አያቸው። አሁን ማንም አልሳቀም። ካቦው ጋቢውን ዘርግቶ ትከሻዬ ላይ መለሰልኝ።

«ይልበሱት» ብሎ ወደ ቦታው ሄደ። ይቅርታ አላለም፤ ማስተርንም ዞር ብሎ አላየውም።

ዛሬ እኔም ማስተርም ከእስር ወጥተናል። ገበያ ስሄድ ማስተር በሚያስተምርበት አዳራሽ በር ላይ አረፍ እላለሁ። አሁን ተማሪዎቹን የተንጠለጠለ ከረጢት ላይ እስከ መጨረሻው ያስመታቸዋል። ሰው ላይ ሲሆን ግን ዛሬም ቆዳ ሳይነካ ያስቆማቸዋል።

«ያን ቀን እኮ ጥርስህ ወለቀ» አልኩት አንድ ጊዜ።

«አዎ፣ አባባ። የሰውዬው ጥርስ ግን ተርፎለታል።»

እኔ ስለ ቡጢ የማውቀው ነገር የለም። ብቻ በሩ ላይ ተቀምጬ ሳያቸው፣ ያኔ የማስተር ቡጢ ፊቱ ላይ አርፎበት ቢሆን ኖሮ ካቦው ከእኔ በሁለት እጁ ይቀበል ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ።