ከዚያ ቀጥሎ ያለችው

ባለፈው ሳምንት ለመኪናው የፍሬን ሸራ ሊገዛ ሱቄ የገባ ሾፌር፣ ዕቃውን እስካወጣለት ድረስ ስልኩን እያየ ብቻውን ይስቅ ነበር። "ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ" ብሎ ዘረጋልኝ። አንዲት ሴት የቴሌቪዥን ብርሃን ፊቷ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ በኦሮምኛ "እኔ የምፈልገው ገንዘብህን ነው፤ አንተንማ መቼ ፈልጌህ አውቃለሁ" ትላለች። አለቀ። ከላይ በአማርኛ "የሐበሻ ሴቶች እውነተኛ ጠባይ" ተብሎ ተጽፎበታል።

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ዘነበች ናት። ያንን ስትናገርም አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ያኔ ከኬንያዋ ኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ የሚመጣው መንገድ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበር። የጭነት መኪናው ቀናት ፈጅቶ፣ ተሳፋሪውም መኪናውም በአቧራ አንድ ዓይነት ቀይ ሆነው ይገባሉ። እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ጠዋት ጆንያ እሸከማለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ማንያታ በሚባለው የሞያሌ ሰፈር ባለው የጋልጋሎ ቪዲዮ ቤት እሠራለሁ። ቤቱ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው። በበጋ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ከኋላ ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ የቤንዚን ሽታ ከላብ ጋር ተቀላቅሎ ይተናነቃል። የሚታየው የአማርኛ ፊልም ነው። ተመልካቹ ደግሞ የከብት ደላላ፣ ተሸካሚ፣ የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ፣ አብዛኛው አማርኛ ከገበያ ያለፈ የማያውቅ። ስለዚህ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ተዋናዮቹ የሚሉትን እግር በእግር በኦሮምኛ ይናገራል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ቋንቋ አልቸገረኝም።

ችግሩ ጋልጋሎ ነበር። ሴት በተናገረች ቁጥር ማይኩን ይነጥቀኝና ድምፁን አቅጥኖ የፈለገውን ይላል። ፊልም ውስጥ ያለችው ልጅ ለታመመ አባቷ ስታለቅስ፣ እሱ "ስልክ ግዛልኝና ያንተ ልሁን" ያሰኛታል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ይሄ ነውር ነው ስለው፣ ሰው ሊስቅ ነው የከፈለው፣ ለቅሶ ከፈለገ ቤቱ ሞልቶለታል ይለኛል። ምን ትለዋለህ?

ሳቁ ግን እዚያው አያበቃም። ከዚያ የወጣው ሁሉ እየተንጋጋ የሚሄደው ዘነበች ምግብ ቤት ነው። ከደሴ መጥታ ከከብት ገበያው ፊት ለፊት ጥብስና ሽሮ፣ ጾም ሲሆን ባቄላ በቻፓቲ ቂጣ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጋልጋሎ የፊልሟን ልጅ ያስባላትን መልሰው ለእሷ ይሏታል። አንድ ደላላ የበላበት ሳህን ላይ፣ ከአጥንቱ ጎን የስልክ ካርድ አስቀምጦላት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ከማብሰያ ቤቱ መውጣት ተወች። ከደንበኛዬ ተደብቄ እስከ መቼ ምግብ ቤት እይዛለሁ፣ ወይ እነሱ ይሉኝታ ይያዛቸው ወይ እኔ ልዝጋ አለችኝ።

አንድ እሑድ እንደማንኛውም ሰው ከፍላ ገባችና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋልጋሎ ድምፁን ማቅጠን ሲጀምር ተነሣች።

"ጋልጋሎ፣ የሴቶቹን እኔ እናገራለሁ። አንተ እዚያ ጢምህን ይዘህ ቁጭ በል።"

ቤቱ በእሱ ሳቀ። ስጣት፣ ስጣት አሉ። ከመስጠት ሌላ ምን ያድርግ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ወንዶቹን እኔ፣ ሴቶቹን እሷ ሆንን። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ነበር የምትናገረው። የሚያፏጨው ዝም አለ። ካርድ ያስቀመጠው ደላላ ሳይቀር "እህቴ፣ ሻይ ጨምሪልኝ" ማለት ጀመረ። ዘነበችም ሳህን ይዛ ወደ ደንበኞቿ ወጣች።

ይሄ ለሰው በቂ አይደለም እንዴ? አይደለም።

አንድ ፊልም መጣ። ድሃ ልጅ የሀብታም ልጅ ትወዳለች፤ እናቱ ታስፈራራታለች። አስቀድሜ አይቼው ስለነበር ልጅቷ ለልጁ የምፈልገው ገንዘብህን ነው የምትልባትን ንግግር እለፊያት ብዬ ለመንኳት።

"ያለችውን ነው የምናገረው" አለችኝ። "እኔም ከዘለልኩ ከጋልጋሎ በምን ተሻልኩ?"

ተናገረችው። ከዚያ ተዋናይዋ ፊቷን አዞረች፤ ዘነበችም ድምፅዋ እየተሰበረ ቀጥሎ ያለውን አለች፦ "እንዲህ በዪው ያሉኝ እናትህ ናቸው። ይኸው ብዬሃለሁ። አሁን ሂድ፣ እንባዬን ሳታይ።" አንድ ሽማግሌ የከብት ነጋዴ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ማን እንደቀረጻት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ቆረጠው፤ ሰዎችም ስልክ ለስልክ በብሉቱዝ ተቀባበሏት፤ ኋላ ፌስቡክ ላይ ወጣች። እዚያው ቤት ውስጥ አብረው ያዘኑት ሰዎች እንኳ እያዩ ሳቁ። አንዱን አንተም እዚያ አልነበርክም ወይ ስለው፣ "ነበርኩ፣ ይሄኛው ግን ያስቃል" አለኝ።

ዘነበች ፊልሙን ተውሳ ምግብ ቤቷ ውስጥ ቴሌቪዥን ሰቀለች። ለሚያሾፍባት ሁሉ፣ ተቀመጥና ሙሉውን እይ ትለዋለች። ምግቡ ከፊልሙ በፊት ያልቃል፤ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። የስልክ ካርዱም እንደገና ሳህን ላይ መጣ።

ምግብ ቤቷን ዘግታ ወደ ኢሲዮሎ ስትሄድ ድስቶቿን መኪናው ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ደሴ ያለው ወንድሟ ቪዲዮውን አይቶ ደውሎ ሰድቧት ነበር።

"ሙሉውን ልላክልህ አልኩት" አለችኝ ገመዱን እየያዘችልኝ። "አልፈልግም፣ ያየሁት ይበቃኛል አለኝ።"

ለሾፌሩ ቀጥሎ ያለችውን ነገርኩት። "እሱ ሲጨመርበት ይረዝማል ጋሼ" ብሎ የፍሬን ሸራውን ይዞ ወጣ።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ዛሬም ፈጣን አይደለሁም። ግን ከቪዲዮው ሥር ሰው የጻፈውን ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት። የሚሰድባት አለ። አገራችንን አዋረደች የሚል አለ። የእኛ ሴቶች እንዲህ አይደሉም ብሎ የሚሟገትም አለ፤ እሱ ይባስ አናደደኝ። ከዚያስ ምን አለች ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አጣሁ። ፊደል ሳልቆጥር በፊት፣ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አስቦ የሚጽፍ ይመስለኝ ነበር።