ዜሮ እያለ የሚከፈተው የኩልፎ በር

ኖላዊት የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ናት። ከርነል የሚሉትን የኮምፒውተር እምብርት ስትጽፍ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል አርባ ምንጭ ተቀምጣ ጨንቻ ድረስ ይሸታታል ይባልላታል። ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን አፍንጫዋ ከዳት።

ከኩልፎ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ላይ የገጠመችው አውቶማቲክ የውሃ በር አበደ። ይዘጋል፤ ወዲያው ይከፈታል። መብራት ቢያጠፉበት ተከፍቶ ይቀራል። የእጅ መዝጊያውን ደግሞ የሥራ ባልደረባዋ ሲሳይ «ዘመን አልፎበታል» ብሎ ነቅሎታል። ውሃው ትናንት ወደተተከሉት የጋሽ ደግፌ ሦስት መቶ የሙዝ ችግኞች እየገሰገሰ ነው። የቦዩን ግንብ ለመዝለል አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

«ይሄ በር ሊያጠጣን ነው ሊያጠምቀን?» አሉ ጋሽ ደግፌ ሱሪያቸውን ሰብስበው። «እኔ እንደሆን ተጠምቄያለሁ!»

ኖላዊት ላፕቶፑን የሙዝ ሣጥን ላይ ዘርግታ፣ በሩን የሚዘጋውን፣ ፈንክሽን የሚሉትን የራሷን የትእዛዝ ቁራጭ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሥራውን ሲጨርስ ለጠራው ፕሮግራም አንድ ቁጥር ይመልሳል። እንከን አጣችበት።

«ዜሮ ነው የሚመልሰው» አለ ሲሳይ። «ዜሮ ካለ አልዘጋም ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የጻፍኩት ጠሪው ፕሮግራም ከፍቶ እንደገና እንዲሞክር አድርጌዋለሁ።»

ቀና ሳትል የጋሽ ደግፌ ሚስት እትዬ ሻሺቱ ከግንቡ ተመለሱ። አሸዋ የሞላ ጆንያ እንዲደረድሩ ተልከው ነበር። ቃል ሳይተነፍሱ ሌላ ጆንያ ተሸክመው ሄዱ።

«ምንም አላሉም እኮ! ደረደሩ ወይስ አልደረደሩም?» አለ ሲሳይ።

«አንተ ሚስት የለህም» አሉ ጋሽ ደግፌ። «ሥራ የላክኸው ሰው ዝም ብሎ ከተመለሰ ሠርቷል። ችግር ቢኖርማ ጩኸቷ ኦቾሎ መንደር ድረስ ይሰማ ነበር! ጠይቄያት ዝም ካለችኝ ነው የምፈራው።»

ኖላዊት ዘላ ተነሣች።

«ሲሳይ! ዝጋ ብለህ አዘህ፣ ተዘጋ ወይ ብለህ እንደጠየቅህ ነው መልሱን ያነበብከው! በትእዛዝ ላይ ዜሮ ምንም ችግር የለም ማለት ነው። ዜሮ አልተዘጋም ማለት የሚሆነው ለጥያቄ ነው!»

የሲሳይን አንድ መስመር ፍቺ ገልብጣ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣችው። በሩ ወረደ። ውሃው ግንቡን ላሰ፤ እንደ ተቆጣ አዞ አጉረመረመና ቆመ። በሩ ዳግም አልተከፈተም።

«ተዘጋ?» አሉ ጋሽ ደግፌ።

ኖላዊት ሳትመልስ ላፕቶፑን አቅፋ የሙዝ ሣጥኑ ላይ ዘፍ አለች።

«አንቺ ልጅ! ጠየቅሁሽ እኮ!»

«አዎ ጋሼ! አዎ! ተዘግቷል!»