ወገብ ላይ የተጠመጠመ ሰንሰለት

ያረጋል የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ማለቅ አለማለቁን የሚያውቀው በአንድ ጣቱ ነበር። ከኋላ ጎማ ጋር ከሚዞረው ጥርሳም ብረት ላይ ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ራሱ ይስበዋል። ንቅንቅ ካላለ ደህና ነው፤ ግማሽ ጥርስ ከታየ ግን አልቋል። ለባለቤቱ ብዙ አያወራም። የሰውየውን ጣት ይዞ እዚያው ላይ ያሳርፈውና «ይኸው፣ ራስህ ሳበው» ይለዋል።

ካርቱም ውስጥ ዴም ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ክፍል ክፍል ተከራይተን አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። ከጎጃም ተነስቶ በመተማ ሲሻገር ሐሳቡ ሊቢያ መድረስ ነበር። ለመንገዱ የሚሆነውን እስኪያገኝ ብሎ ዐወደላ ከሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ገባና ዓመት ሙሉ በናፍጣ ሰንሰለት ሲያጥብ ከረመ። አብረውት የመጡት አራቱ ቀጠሉ፤ የሁለቱ ወሬ እስከ ዛሬ አልተሰማም። እኔ እግዚአብሔር ያረጋልን ያተረፈው በዚያ የናፍጣ ባልዲ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዐወደላ በመጀመሪያ ያስተማሩት ዘይት መቆጠብን ነው። በዚህ ከተማ አሸዋ ከምድርም ከሰማይም ይመጣል። ዘይት የጠገበ ሰንሰለት አሸዋውን ይሰበስብና እንደ ሞረድ ራሱን ይበላል። ስለዚህ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በውስጥ በኩል ጠብ ጠብ ይደረግለታል፤ ጥቂት ከዞረ ደግሞ በጨርቅ ይወለወላል። አጠገቡ ጎማ የሚለጥፈው ሐቲም በዚህ ይቀልድበት ነበር። ሐቲም እናቱ የጎንደር ሰው፣ አባቱ ሱዳናዊ ናቸው። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዘይቱን ለሰላጣ ነው የምታስቀምጠው?» ይለዋል። ያረጋል ወደ ሐቲም ሞተር ሄዶ ሰንሰለቱን በጣቱ ይስብና የተራቆተውን ጥርስ አሳይቶት ይመለሳል።

ሁለተኛው ትምህርት የክሊፗ ነገር ነበር። ሰንሰለቱ የሚገጠምበትን ማያያዣ ቆልፋ የምትይዝ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ስስ ብረት ናት። አንዱ ጫፏ ዝግ፣ ሌላው ክፍት ነው። ዝጉ ጫፍ ሰንሰለቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይቀድማል፤ ክፍቱ ይከተላል። ከተገለበጠች መንገድ ላይ አንድ ነገር ነክቶ ያስፈነጥራታል። አንዴ ከወለቀችም ጉልበቷ ስለሚላላ ተጥላ በአዲስ ትተካለች። ያረጋል ለደንበኞቹ «እንደ ክብሪት ናት፣ የምትሠራው አንዴ ነው» ይል ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ያረጋል ኋላ ለራሱ የከፈተው ሱቅ ተዘረፈ። አንድ ሞተር ብቻ ወደ ግቢያችን ማስገባት ቻለ። በግቢው እትዬ ለተብርሃን ነበሩ፤ የሑመራ ሰው፣ በሰው ቤት ሠርተው ያረጁ፣ ሁለቱም ኩላሊታቸው ያቆመ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሑድና ረቡዕ፣ ደማቸው በማሽን ካልታጠበ አይኖሩም። የሚያጥበው ሆስፒታል ሩቅ ነው፤ ታክሲ ከጠፋ ሰንብቷል። ያረጋል ሳይጠየቅ «እኔ አደርስዎታለሁ» አላቸው።

ችግሩ ሰፈሩን የያዙት ታጣቂዎች ቆሞ ያገኙትን ሞተር ሁሉ የሚወስዱ መሆናቸው ነበር። አንድ ቀን ግቢያችን ገቡ። እንዳጋጣሚ ሰንሰለቱ ተፈትቶ ናፍጣ ውስጥ ተነክሯል። ሞተሩን ገፉት፣ ምን እንደጎደለው አዩ፣ በርግጫ ጥለውት ሄዱ። ያረጋል ያን ቀን ተማረ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በቆመ ቁጥር ሰንሰለቱን ይፈታና በፌስታል ጠቅልሎ ከጀለቢያው ሥር ወገቡ ላይ ይጠመጥመዋል። ሆስፒታል ደጅም እትዬ ለተብርሃን እስኪታጠቡ አራት ሰዓት ሙሉ ሰንሰለቱን ታጥቆ ይቀመጣል። እትዬ ለተብርሃን «አንተ ልጅ፣ ሚስት ብታገባ እንዲህ አቅፈህ አትይዛትም» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ታጣቂዎቹ ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ትተውት ሄዱ።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። ሞተሩን ያተረፈው ዘዴ ግን ክሊፗን ይጨርሳት ነበር። አንዴ ብቻ ልትሠራ የተበጀችው ብረት በሳምንት አራት ጊዜ ትወልቅ ጀመር። የዴምና የአጎራባቹ ሰፈር የሳጃና የመለዋወጫ ዕቃ ሱቆች ወይ ተቃጥለዋል ወይ ባዶ ናቸው። በመጨረሻ ሐቲም ወንዙን ተሻግሮ ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ገበያ አዲስ ክሊፕ ሊፈልግለት ተነሳ። «ማክሰኞ እመጣለሁ፣ ኢንሻላህ» ብሎ ሄደ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሆስፒታሉ ለጀነሬተሩ ናፍጣ አጥቶ እትዬ ለተብርሃን ሳይታጠቡ ተመለሱ። ነርሷ ነሕላ ያረጋልን ለብቻው ጠርታ ረቡዕ ናፍጣ እንደሚኖር፣ ያ ቀን ካለፈ ግን ሴትየዋ እንደማይተርፉ ነገረችው። ለመመለስ ሰንሰለቱን ሲገጥም ክሊፗ እንደ ወትሮዋ ጠቅ አላለችም። ዝም ብላ ገባች።

ማክሰኞ ሐቲም አልመጣም። ረቡዕ ጠዋት ታጣቂዎች የጎረቤት ግቢ በር ሲደበድቡ ሰማን። ያረጋል እጁ እየተጣደፈ ሰንሰለቱን ገጠመ፣ እትዬ ለተብርሃንን አስቀመጥንለትና በጓሮ በር ወጡ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው ግን አልታዘዝ አለ። ሰንሰለቱ ከኋላቸው አስፋልቱ ላይ እንደ ሞተ እባብ ተዘርግቷል። ያረጋል በጉልበቱ ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ አበጠረ። ማያያዣውን አገኘው፤ ክሊፗን አላገኛትም። በሽቦ አስሮ ተነሳ፤ ሽቦው ተበጠሰ። ደግሞ አሰረ፤ ደግሞ ተበጠሰ። እግራቸው ስላበጠ እትዬ ለተብርሃን መሄድ አይችሉም። እሳቸውን እላዩ ላይ እንዳስቀመጠ ሞተሩን ይገፋ ጀመር። ፀሐዩ ከብዷል። እትዬ ለተብርሃን በነጠላቸው ጫፍ ማጅራቱን እየጠረጉለት «ቀስ በል፣ ልጄ። ቀስ በል» ይሉት ነበር። ኬላ ላይ ደግሞ የተሰረቀ ሞተር ነው ተብለው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

ሲደርሱ ጀነሬተሩ ጠፍቷል። ነሕላ ነገ ሞክሩ አለች፣ ፊቱን ሳታይ። ሐሙስ መንገዱ በተኩስ ተዘጋ። ዓርብ ጠዋት እትዬ ለተብርሃን አረፉ። መቃብር ድረስ መሄድ ስላልተቻለ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቀበርናቸው። አራት ሰዎች ነበርን። ቄስ ስላልተገኘ የማውቀውን ጸሎት ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ሐቲም ቅዳሜ ደረሰ። ኬላ ላይ ይዘው አራት ቀን ጉድጓድ ሲያስቆፍሩት ሰንብተው ነው የለቀቁት። ከካልሲው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ክሊፖች አወጣ። ያረጋል መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣቸው።

«ሐቲም፣ ዝጉ ጫፍ ወደ ፊት ነበር ወይስ ወደ ኋላ? ረቡዕ ጠዋት እጄ ምን እንዳደረገ አላውቅም።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ያ ዞል። ያረጀች ክሊፕ ናት።»

«ማርጀቷንማ አውቃለሁ። ይህን ነው የማላውቀው።»

ሐቲም መሬት መሬት ያይ ጀመር። 

በማግሥቱ እሑድ፣ በተለመደው ሰዓት፣ ያረጋል ሰንሰለቱን ሲወለውል አየሁት። ማንን ሊያደርስ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ከእትዬ ለተብርሃን ጎን በሚገኘው ማሽን የሚታጠቡ አብዱልወሃብ የሚባሉ ሱዳናዊ ነበሩ፤ ከሳጃና ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስተው በከዘራ የሚሄዱ። ከእንግዲህ እሳቸውን እንደሚያደርስ ነገረኝ። አዲሷን ክሊፕ ገጠመ፤ ጠቅ አለች። ዝጉን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ፣ ተነሳ፣ ተመልሶ ደግሞ ዳሰሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰንሰለቱን አልፈታም። ሆስፒታሉ ደጅ ሞተሩን በእጁ ይዞ አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ ነበር። ይወስዱብሃል ብለን ለመንነው። «ሲወስዱት ይውሰዱት» አለ። አብዱልወሃብን አሥራ አራት ጊዜ አመላለሳቸው። በስምንተኛው ሳምንት ታጣቂዎች መሣሪያ ደቅነው ሞተሩን ነጠቁት፤ ለመስጠት ዘገየህ ብለውም ሁለት ጥርሱን በሰደፍ አወለቁ። በወሩ የሰፈር በጎ ፈቃደኞች በሽተኞችን በአንድ መኪና ማመላለስ ጀመሩ። እስከዚያ አብዱልወሃብ ሐቲም ባገኘው የአህያ ጋሪ እየተመላለሱ ቆዩ። እሳቸው ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ለዚህ አምላኬን ሳላመሰግን አልተኛም።

ያረጋል አሁን ዴም ውስጥ በሸራ ጥላ ሥር ይሠራል። የተፈታ ሰንሰለት ሲገጥም ክሊፗን ያስገባል፣ ይዳስሳል፣ የባለቤቱንም ጣት ይዞ ያስዳስሳል። ሰውየው ሞተሩን አስነስቶ ሊሄድ ሲል ያስቆመዋል። አጎንብሶም አንድ ጊዜ ደግሞ ይዳስሳል። የሚቸኩሉ ደንበኞች ያጉረመርማሉ። ሐቲም ግን በዚህ አንድም ቀን ቀልዶበት አያውቅም።