ቅዳሴ ወጥቷል ያልኳት ቀን

ያን ቀን ጠዋት ጓሮ ድንች እየቆፈርኩ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አፈሩ ጭቃ ሆኗል፣ ዶማው ላይ እየተጣበቀ እጄን አደከመኝ። ፍልሰታ ከገባ አራተኛው ቀን ነው። እኔ ስናገር አንቺ ጻፊ እንጂ፣ ምን ታይኛለሽ? አንቺ ያን ክረምት ጎጆ ከተማ እናትሽ ጋ ስለነበርሽ አላየሽም።

ዩኒቨርሲቲው በዚያ ክረምት ከውጭ አገር ተማሪዎች አምጥቶ ነበር፣ ሃይማኖትና ባህል የሚያጠኑ። በየሰው ቤት አንድ አንድ አድርገው አስገቧቸው። ለእኔ አንዲት ቀጭን ልጅ ደረሰችኝ። መምህራቸው «በመጽሐፍ ብቻ አይሆንም፣ ከሰዉ ጋር ኑሩት» ብሏቸዋል አሉ። እሷም «እንዳንቺ ልጹም» አለችኝ። አማርኛ አገሯ ሳለች ትንሽ ተምራለች። እኔን ግን ሰፈሩ እንደሚጠራኝ «አኮ» ነበር የምትለኝ፣ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ጭልሞ ጫካ ወስደዋቸው ዝናብ ደብድቧት መጣች። በማግስቱ ታዲያ ድንቹን ላግዝሽ ብላ ጓሮ ወጣች። ጎንበስ ብላ ስትነሳ አጥሩን ያዘች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ግንባሯን ብነካው ይፋጃል።

«ዛሬ ብዪ» አልኳት። «የታመመ አይገደድም።»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ አጥሩን ምን አሳቀፈሽ?»

«አኮ፣ ቅዳሴ ገና ነው» ብላ ሳቀች።

ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እሷን ጥዬ መሄድ ፈርቼ እኔም ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ። ድንቹን ጣድኩ። ቁጭ አልልም፤ እነሳለሁ፣ በረንዳ ወጥቼ አያታለሁ፣ ተመልሼ እሳቱን እቆሰቁሳለሁ። ብትወድቅብኝስ? እናቷ ደውላ ልጄ እንዴት ናት ብትለኝ በየትኛው ቋንቋ ምን እላታለሁ? ስድስት ሰዓት ሲሆን አላስችል አለኝ። እስከ ግቢው በር ሄጄ ተመለስኩና «ቅዳሴ ወጥቷል!» አልኳት።

ሰዓቷን አየች። «ዛሬ ቶሎ?»

«ዝናቡን ፈርተው ነው።»

አመነችኝ። ድንቹን በአዋዜ አቀረብኩላት። ውሃ ጠጣች፣ ሁለት ጎረሰችና «አንቺስ?» አለችኝ። ይሄን አላሰብኩትም። ቆይ እበላለሁ ብላት እምቢ አለች፣ አዋዜ ነክራ ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። እኔ አራስ ካልሆንኩ በቀር ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን ሽሬ አላውቅም። እምቢ ብላት ደግሞ ታውቅብኛለች፣ መብላቱን ትተወዋለች። ጎረስኩ። ደገመችኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኛ!

ከዚያ ደብተሯን አወጣች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የተጻፈ ነገር ግን እፈራለሁ። «ቅዳሴ... ዝናብ... ስድስት ሰዓት» እያለች ስትጽፍ መቀመጫ አጣሁ። ለካ ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ በእኛ በር ነው የሚያልፈው! ነጠላ ለብሰው ሲተሙ ልታያቸው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ በሩን ዘጋሁ፣ በአጥሩ ክፍተት እንዳታይ ብርድ ልብስ አምጥቼ ሰቀልኩበት። እየዘነበ!

ጎረቤቴ ጴንጤዋ ከበረንዳዋ አየችኝ። «ማል ታቴ፣ ምን ሆነሽ ነው? በዝናብ ብርድ ልብስ ይሰጣል?»

«ተይኝ እቴ!»

ምን ዋጋ አለው። ከማኅበራችን አንዷ በበሩ ስታልፍ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ምነው ዛሬ ቀረሽ? አሁን ከቅዳሴ መውጣታችን ነው፣ አሞሽ ነው?» አትልም!

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አኮ፣ አሁን ነው የወጣ?»

«አሁን ነው። ዋሽቼሽ ነው ልጄ። ልትወድቂብኝ ነበር።»

ትቆጣኛለች ስል «አንቺም በላሽ» አለችኝ።

«በላሁ።»

«በእኔ ምክንያት?»

ብርድ ልብሱን ላወርድ ተነሳሁ። እሷ ክፍሏ ገብታ ዘጋች፤ ስታለቅስ ይሰማኛል። «ልጄ» እላለሁ፣ አትመልስም። እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ለንስሐ አባቴ የምናገረውን በሆዴ እደረድራለሁ፣ መልሶ ይጠፋብኛል። እሷ ታማ እያለች እንደገና ጾም ብትጀምርስ? ነገ ሻንጣዋን ይዛ ብትሄድስ? መጨረሻ ላይ ጎረቤቴ ጋ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም።

«ያንቺስ ቀላል ነው» አለችኝ። «ንስሐ አባትሽ ሰባት ቀን ይጨምሩብሻል፣ ትሰግጃለሽ፣ አለቀ። እሷ ግን ጾም አስገደፍኳት ብላ ነው የምታለቅሰው፤ ንስሐ አባት የላት፣ ማን ይፍታት? ሂጂ በሯን አንኳኪ።»